ጽጌ ከበላያችን የገባችበት ቀን

ባለፈው ወር እናቴን ዕቃ በማሸግ ላግዛት ሙርዋይክ ወደሚባለው የድሮ ሰፈራችን ሄጄ ነበር። ያደግሁበት ሕንፃ ሊታደስ ስለሆነ ነዋሪው ሁሉ ለጊዜው ሌላ ቤት ተሰጥቶታል። የደረጃውን በር ገፋ ሳደርገው አፍንጫዬን የመታኝ አረንጓዴ ሳሙና ነው፤ እዚህ አገር ወለልና ደረጃ የሚታጠብበት፣ እንደ ማር የሚዝለገለግ፣ ሽታው ለቀናት የማይለቅ ሳሙና። ማን እንዳጠበበት አላውቅም። በልጅነቴ የማውቃት ደረጃ አጣቢ ማሪከ ነበረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ከላይኛው ፎቅ እስከ ታች፣ ተንበርክካ። ባዶ ካርቶን በብብቴ እንደያዝኩ እዚያው ቆምኩና አንድ ቅዳሜ ትዝ አለኝ። ያን ቅዳሜ ማሪከ ደረጃ አላጠበችም።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ የቤታችን አስተርጓሚም እኔ ነበርኩ። ሹመቱን ማንም አልሰጠኝም፣ ደችኛው ቀድሞ የገባኝ እኔን ስለሆነ ነው። አባቴ ሮተርዳም ወደብ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። እናቴ አስቴር ስኬቨኒንገን ባሕሩ ዳር ካለ ሆቴል ክፍል ታጸዳለች፤ እዚያ አለቃዋ ፖላንዳዊት፣ የሥራ ጓደኞቿ ኤርትራውያን ስለሆኑ ደችኛ የሚያናግራት አልነበረም። ስለዚህ የቤት አከራዩ ደብዳቤ ሲመጣ የማነበው እኔ፣ ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ ስለ ራሴ የሚወራውን የምተረጉመውም እኔው ነበርኩ። ሥልጣኗን አላግባብ ተጠቀመችበት ብሎ የሚያማኝ ቢኖር ሐሰት ነው። አንድ ኩራት ነበረኝ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም። ሰው ያለውን እንዳለው አደርሳለሁ።

ያን ዓመት እናቴ ጎኗን ሲወጋት ከርሞ ሃውስአርትስ ዘንድ፣ የሰፈራችን ሐኪም ማለት ነው፣ ይዣት ሄድኩ።

«እንዴት ናት?» አለኝ ሐኪሙ።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» አለች እናቴ።

«ደህና ነኝ ትላለች» አልኩት።

«ታዲያ ለምን መጣች?»

«ለምን መጣሽ ይልሻል።»

እናቴ ደንገጥ ብላ «አይ፣ ያን ያህል እንኳ አይደለም፤ አስቸገርኩት በይው» አለች። እንዳለችው ነገርኩት። ፓራሲታሞል ውሰጂ ተባለችና ወጣን። መንገድ ላይ ምን ብዬ እንደተረጎምኩ ጠየቀችኝ፤ «ያልሽውን» አልኳት። ጎኗን ይዛ ሳቀች። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አንቺን ይዤ ሐኪም ቤት የሄድኩት!» አለች። እኔ ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። አንድም ቃል አልጣልኩም ነበር።

ማሪከና ባሏ ፔተር ከኛ በላይ ባለው ፎቅ ይኖሩ ነበር። ፔተር ትራም ነጂ ነው፤ ፊቱ ቀይ፣ እጁ ትልቅ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው። ማሪከ ቤተ መጻሕፍት ትሠራለች። ልጅ አልነበራቸውም። ከኢትዮጵያ ልጅ ወስደው ለማሳደግ ወረቀት ሲያስጨርሱ ስንት ዓመት እንደጠበቁ የደረጃው ሰው ሁሉ ያውቃል። በመጨረሻ ፎቶ መጣ። ማሪከ ለእናቴ ልታሳያት በሩጫ ወረደች። ፎቶው ላይ ስድስት ዓመት ገደማ የሚሆናት፣ ጸጉሯ የተላጨ፣ ልኳ ያልሆነ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ቆማለች። ስሟ ጽጌ ነው። ማሪከ «ሲጌ» አለች፤ እናቴ «ጽጌ» አለች፤ ማሪከ እንደገና «ሲጌ» አለች፤ ተስማምተው ተለያዩ።

ሊያመጧት አዲስ አበባ ሲሄዱ አበባቸውን እንዳጠጣ ቁልፍ ሰጡኝ። አበባውን አጠጥቼ ስጨርስ ለልጅቷ ያዘጋጁትን ክፍል ገብቼ አያለሁ፤ ቢጫ ግድግዳ፣ አዲስ አልጋ፣ አልጋው ላይ የተደረደሩ አሥራ አንድ አሻንጉሊቶች። አዲስ አበባ ልጆቹ ይሰለፉና እነማሪከ ከመሃል የሚመርጡ መስሎኝ ነበር። ሐሳብ ያዘኝ።

«እማዬ፣ እኔን ስትመርጪኝ ስንት ነበርን?» አልኳት።

«አንቺንማ ማን ይመርጥሻል፣ ዝም ብለሽ መጣሽ እንጂ» አለችኝ ድንች እየላጠች። ሁለት ቀን አኮረፍኳት።

ዓርብ ማታ ገቡ። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ለሥራ እንደወጣች ማሪከ በራችንን አንኳኳች። ዓይኗ አብጧል። ጽጌ ከአውሮፕላኑ ጀምራ እህል እንዳልቀመሰች ነገረችኝ። አዲስ አበባ ሳሉ የአማርኛ ቃላት በወረቀት ጽፈውላቸው ነበር፤ «ነይ»፣ «ብዪ»፣ «ተኚ»፣ «ጎበዝ»፤ ማሪከ ሁሉንም ሞክራ አልቀውባታል።

«ቤዛ፣ አንቺ ቋንቋዋን ትችያለሽ፤ እባክሽ ምን እንደምትፈልግ ጠይቂልኝ» አለች።

ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ።

ጽጌ ሳሎኑ መሃል ቆማለች። አዲስ ሰማያዊ ጃኬት አድርጋለች፣ አላወለቀችውም። እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ወለሉን ታያለች።

«ከነቃች ጀምሮ አትቀመጥም፣ ዓይናችንንም አታይም» አለች ማሪከ። «መቀመጥ ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት።»

«መቀመጥ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

«ግድ የለም» አለች ጽጌ።

«ግድ የለም ትላለች» አልኩ። እንደቆመች ቀረች።

ፔተር ፓነኩክ ጋገረ። ፓነኩክ እንደ ቂጣ ስስ ነው፣ ግን ወተትና እንቁላል አለው፣ ከላዩ ጥቁር ሽሮፕ ይፈስበታል። ቤቱ በቅቤ ሽታ ተሞላ።

«ትበላ እንደሆነ ጠይቂያት።»

«ትበያለሽ?»

«እርስዎ ይብሉ፤ እኔ በልቻለሁ» አለች ጽጌ፣ ለማሪከ። ሳቄ መጣ። በኛ ቤት «እርስዎ» የሚባሉት ቄሱ ብቻ ናቸው።

«በልቻለሁ፣ አንቺ ብዪ ትላለች።»

«መቼ በላች?» ማሪከ ፔተርን አየችው፤ ፔተር ትከሻውን ሰበቀ። «እውነቷን እንደሆነ ጠይቂያት።»

«እውነት በልተሻል?»

«አዎ።»

በማሪከ ቤት ልጅ እምቢ ካለ አይገደድም። ይህን ዴልፍት ድረስ እየተመላለሱ ለአሳዳጊ ወላጆች በሚሰጥ ኮርስ ተምረውታል። ማሪከ የጽጌን ሰሃን ቀስ ብላ አነሣች። ወደኔ ዞራ «አንቺስ?» ስትለኝ «አዎ» አልኩ፤ ስትደግመኝም «አዎ» አልኩ። አራት ፓነኩክ በላሁ። ሽሮፑ አገጬ ላይ ሲወርድ ጽጌ አየችኝ፤ ስታየኝ እንዳየኋት ስታውቅ ዓይኗን ወለሉ ላይ መለሰች። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

ምሳ ላይ ዳቦ በአይብ ቀረበ። «አልራበኝም» አለች። «አልራባትም» አልኩ። እርጎ ቀረበ። «ጠግቤያለሁ» አለች። «ጠግባለች» አልኩ። ዕቃው እየወጣ እየገባ ዋለ። ክፍሏን አሳየናት፤ ሁሉም የሷ እንደሆነ ነገርኳት፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችና አንዱንም አሻንጉሊት ሳትነካ ወጣች። እኔ ብሆን እስካሁን ለአሥራ አንዱም ስም አውጥቼላቸው ነበር። ኩሩ ናት፣ ንቃናለች ብዬ ደመደምኩ። ማሪከ «ምን ይመስልሻል?» ስትለኝ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሴ ጨመርኩ።

«ይህን ቤት አልወደደችውም መሰለኝ» አልኳት።

ማሪከ ወጥ ቤት ገባች። የቧንቧ ውኃ ሲፈስ ለረጅም ጊዜ ሰማሁ፤ ሰሃኖቹን እንደገና የምታጥብ መስሎኝ ነበር። ስትወጣ ፊቷ ረጥቧል።

«ከኛ ጋር መሆን ትፈልግ እንደሆነ ጠይቂያት» አለችኝ።

«አይሆንም፣ ማሪከ» አለ ፔተር። ከጠዋት ጀምሮ ከአፉ የወጣ ረጅም ንግግር እሱ ነበር። «ይህ አይጠየቅም። የቤዛ እናት እስክትመጣ እንቆይ።»

እናቴ የመጣችው ፀሐይዋ ወደ ማሪከ መስኮት ስትዞር ነው። በራችን ላይ በለጠፍኩት ወረቀት ከላይ መሆኔን አውቃ፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር፣ በረኪና በረኪና እየሸተተች ገባች። ጽጌ ስታያት እንደ ሰው ነፍስ ዘራች። ሮጣ ሄዳ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ልትስም ስትል እናቴ ቀና አድርጋ ግራና ቀኝ ሳመቻት።

«እንዴት ነሽ የኔ እናት? ደህና ገባሽ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።»

እናቴ አገጯን ይዛ አፏን አየችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ምን በላች?»

«ምንም። አልፈልግም አለች።»

«ለመናችኋት?»

«ጠይቀናታል እኮ!»

«መጠየቃችሁን አላልኩሽም። ለመናችኋት ወይ?»

ማሪከን አየኋት።

«ልጅ ይጠየቃል እንዴ?» አለች እናቴ። «ይቀርብለታል፣ ብላ ይባላል፣ እምቢ ይላል፣ ይለመናል። የጨዋ ልጅ ሰው ቤት ገብታ አንዴ ሲሏት እሺ ትላለች? ርቧት እየሞተች ደንቧን ጠበቀች፤ እናንተ ሰሃኑን አነሣችሁባት!»

«እኔ ያለችውን ነው የነገርኳቸው።»

«ያለችውንማ አልሽ። ከንፈሯን አይተሽዋል? ኩበት ሆኗል። በይ ይህን ሁሉ ለማሪከ ንገሪያት።»

ነገርኳት፤ ለራሴ የተባለውን ስድብ ጭምር። ማሪከ ሶፋው ላይ ቁጭ አለች። «እምቢ ስትል ግን... እምቢታዋን ማክበር አለባችሁ ተብለናል» አለች።

«ታክብርላት፤ ከጠገበች በኋላ» አለች እናቴ። «እኔም እዚህ አገር እንደመጣሁ ሰው ቤት ገብቼ ቡና ትጠጫለሽ ሲሉኝ ‘አይ ይቅርብኝ’ አልኩ። እሺ ብለው የራሳቸውን ጠጡ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከዚያ ቤት ጉሮሮዬ ደርቆ ነው የምወጣው።»

«የት ቤት ነው?» ብላ ጠየቀች ማሪከ።

«እዚሁ ነዋ!» አለች እናቴ። ማሪከ እስከ ጆሮዋ ቀላች፤ ፔተር ቀኑን ሙሉ ያልሳቀውን ሳቀ።

ፓነኩኩ እንደገና ሞቀ። ጽጌ የእናቴ ጉልበት ላይ ተለጥፋ ቆማለች። ማሪከም ፔተርም ሰሃኑን ወደ እናቴ ገፋ አደረጉት፤ እሷ እንድታበላት ነው። እናቴ እጇን ጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችበት።

«እኔ አይደለሁም የማጎርሳት። እሷ ናት።»

ማሪከ ሹካ አነሣች።

«በሹካ አይደለም፣ በእጅሽ በያት።»

ማሪከ እጇን አየችው። ሄዳ ታጠበችና ተመለሰች። ፓነኩኩን ቆርሳ ጠቀለለችና «ምን ልበላት?» አለች።

«ብዪ በያት። እምቢ ትላለች። እንደገና ብዪ በያት። ከዚያ በሞቴ በያት።»

በሞቴን ቃል በቃል ተረጎምኩት። የማሪከ እጅ አየር ላይ ቀረ። «ለሕፃን ስለ ሞት ልንገራት?» አለች። አልፈረድኩባትም። እኔም እናቴ እንግዳን በሞቴ ስትል፣ እንግዳው ካልበላ የምትሞት ይመስለኝ ነበር። አንዴ አንድ ዘመዳችን ሦስቴ እምቢ ብሎ ሲወጣ ደረጃው ድረስ እያለቀስኩ ተከትዬዋለሁ።

«ብዪ» አለች ማሪከ።

«በቅቶኛል።»

«ብዪ።»

«ይተዉት፣ ግድ የለም።»

«ቤሞቴ» አለች ማሪከ። ጉርሻውን ጠጋ አደረገችላት።

ጽጌ ቀና ብላ እናቴን አየቻት። እናቴ መስኮት መስኮቱን ታያለች። ማንም የሚያግዛት እንደሌለ ሲገባት ወደ ማሪከ ዞረችና አፏን ከፈተች።

ቀስ ብላ አኘከች፤ ከንፈሯን ገጥማ፣ ዓይኗን ጨፍና። «አንድ ጉርሻ ያጣላል በያት» አለች እናቴ፤ ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛውን ጽጌ ራሷ ከማሪከ እጅ ተቀበለች። ከዚያ በኋላ የሚለምናት አላስፈለገም። ሽሮፑ ጃኬቷ ላይ ተንጠባጠበ፤ ማንም ተቀመጪ ሳይላት ወንበሩ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ፔተር አፍንጫውን እየጠረገ ሌላ ሊጋግር ገባ።

ማሪከ ትምህርቷን ስለያዘች ለእናቴም ሰሃን አቀረበች። ሁዳዴ ነበርና እናቴ ወተትና እንቁላል አትበላም፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «አይ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለች። «ብዪ!» አለች ማሪከ። «አይ፣ በእውነት።» «ቤሞቴ!» ይህኛው እምቢ የምር እምቢ መሆኑን ሳስረዳት ግራ ገባት። «ታዲያ በምን ይታወቃል?» ብላ ጠየቀች። እናቴ አሰበችና «ይለመዳል በያት» አለች።

እንግዲህ መሄድ አለብን ተባለ። እናቴ ብድግ ስትል ጽጌም ብድግ አለች። ወደ በሩ ስንሄድ ተከተለችን። የጃኬቷን ዚፕ እስከ አንገቷ ሳበችና አጠገቤ ተሰለፈች።

«ደህና ሁኚ የኔ ቆንጆ» አለቻት እናቴ።

«እኔስ?» አለች ጽጌ።

«ምን አለች?» አለች ማሪከ።

እናቴን አየኋት። ቃል በቃል በመተርጎሜ የተቆጣችኝ ገና አንድ ሰዓት አልሞላውም። «ምን ልበላት?» አልኩ።

«ያለችውን» አለች እናቴ። «እናቷ ናት፤ ትስማው።»

«‘እኔስ?’ ትላለች» አልኳት ለማሪከ።

ማሪከ ግድግዳውን ተደገፈች። እናቴ ተንበረከከችና የጽጌን ዚፕ ወደ ታች ሳበችው፤ ጃኬቱን አውልቃ ከፔተር ካፖርት አጠገብ ሰቀለችው። «አንቺማ ቤትሽ ነሽ» አለቻት። አልሳመቻትም። የኔን እጅ ያዘችና በሩን ከፈተች። «ለምኛት በያት» አለችኝ ደረጃው ላይ ሆና፤ «አሁንም እምቢ ትላለች፣ እንዳታቆም።» ተረጎምኩ። በሩ ተዘጋ።

ያን ጸደይ እናቴ ወደ ላይ የወጣችው ስትጠራ ብቻ ነው። እነማሪከ ደረጃ ሲወርዱ ከሰማች ቤት ውስጥ ቆማ እስኪያልፉ ትጠብቃለች። ሽሮ ሠርታ በኔ ትልካለች፤ «ማሪከ ታቅርብላት፣ ከኔ ነው አትበይ» ትላለች። ጽጌን የጠላቻት መሰለኝ። አንድ ቀን ፊት ለፊት ጠየቅኋት፤ «እዚህ በሩ ክፍት ከሆነ እዚያ መቼ ትገባለች?» አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ለኔ ይህ መልስ አልነበረም። ልጅ ነበርኩ፤ በር ሁሉ ክፍት ቢሆን ምን ይጎዳል?

ያን ቅዳሜ ደግሞ ከነጭራሹ ምንም አልገባኝም ነበር። ከማሪከ ቤት ወርደን ስንገባ አባቴ ወደ ሥራው ሄዷል። እናቴ ካፖርቷን ሳታወልቅ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀመጠችና ጣሪያውን አንጋጣ ታይ ጀመር። ሕንፃው ካርቶን ነው፤ ከላይ ሲያስነጥሱ እኛ «ይማርህ» እንላለን።

«ነይ» ሲል የማሪከ ድምፅ ተሰማ።

«እምቢ!» አለች ጽጌ። የጨዋ እምቢታ አልነበረም። ለቅሶ ነበረበት።

«ነይ።»

«እምቢ! እምቢ!»

እናቴ እጄን ይዛኝ ኖሯል፤ ጨመቀችው። ከላይ ዝም አለ። ኮርሱ ትዝ ብሏት ተወቻት ብዬ አሰብኩ።

«በቃ ተወቻት?» አልኩ።

«ዝም በይ» አለችኝ።

ከዚያ እንደገና፣ ለስለስ ብሎ፣ ከበፊቱ ዝቅ ካለ ቦታ፤ ማሪከ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ መሆን አለበት። «ነይ።»

በሩ በኩል ኮቴ ተሰማ። ባዶ እግር ነው፣ ትንሽ። ሁለት ርምጃ ሄደና ቆመ። ከዚያ የቀረውን ወለል በሩጫ አቋረጠው።

«ሄደችላት» አለች እናቴ። ካፖርቷን እንደለበሰች ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።